ወንድሜን ይቅርታ ያስጠየቁኝ የሲቀላው መካኒክ

አርባ ምንጭና ጨንቻ አካባቢ አሮጌ ባለ ፎርዊል (አራቱም ጎማ የሚጎትትበት) ፒክአፕ ያላችሁ ሰዎች፣ ይህን ጽሁፍ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ማመስገን የምፈልገው አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ስማቸውን ልጽፍ ፈቃድ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ስሜን ተይው፣ ሥራዬን ንገሪ» ስላሉኝ አልጽፈውም። እኔም እንደ ሠፈሩ ሰው ጋሼ እያልኩ እጽፋለሁ።

መኪናዋ የአባታችን ናት። ባለ 2.8 ናፍታ ሃይሉክስ፣ የፊት ጎማዎቿ መሀል ላይ ጎማውን ከሚያዞረው ብረት ጋር የሚያያይዙ፣ በእጅ የሚዞሩ ክብ መቆለፊያዎች ያሏት፣ የድሮዋ ዓይነት። አባዬ በ1999 ዓ.ም. ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ገዝቷት እኛን ሦስቱን ልጆቹን አስተምሮባታል። በ2013 እሱ ካረፈ ወዲህ ሂሳቡን እኔ እይዛለሁ፣ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ነው። ከጨንቻ በላይ ካሉት ቀበሌዎች አፕልና ድንች እያወረድን አርባ ምንጭ እናስረክባለን፤ ስንመለስ ደግሞ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ የተገኘውን ይዘን እንወጣለን። ያን አገር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ታች አባያ ዳር ላብ በላብ ሆናችሁ ትነሱና አርባ ኪሎ ሜትር ሳትሄዱ ጋቢ ትፈልጋላችሁ። ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ወደ ገጠሩ ስትገቡማ ቀዩ አፈር ዝናብ ከነካው ሳሙና ነው። እዚያ ላይ ፎርዊል ከሌለ መኪና አለኝ ማለት አይቻልም።

የእኛው ፎርዊል ካለፈው ዓመት ጀምሮ አልይዝ አለ። ወንድሜ ወርዶ ሁለቱንም መቆለፊያ «ሎክ» ላይ ያዞራል፣ ትንሿን ማርሽ ያስገባል፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቷ ቦግ ትላለች። ከዚያ የኋላ ጎማዎቹ ጭቃውን ይቆፍራሉ፣ የፊቶቹ ቆመው ያያሉ። ሚያዝያ ላይ ስምንት ኩንታል ድንች ጭኖ፣ ሁለት ነጋዴ ሴቶች ጋቢና ውስጥ ይዞ፣ አንድ ዳገት አጋማሽ ላይ መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ገደሉ አፍ ላይ ስትደርስ አንድ ድንጋይ ያዛት። እዚያው አደሩ። ሲነጋ የአካባቢው ሰው በገመድ ጎትቶ አወጣቸው፤ ትኩስ ወተትና ቆጮ አብልተው ነው የሸኟቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ወንድሜ ቤት ሲገባ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን እሱን ከማቀፍ ይልቅ ምን እንደጠየቅኩት ኋላ እነግራችኋለሁ።

የጋራዡ ጣጣ ግን የጀመረው ከዚያ ሌሊት በፊት ነው። የማንንም ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ቦታ ቁልፉን ተቀብለው፣ ትንሿን ማርሽ አስገብተው፣ መብራቷ ስትበራ አይተው «ፎርዊሉ ይሠራል፣ ሹፌሩ ነው አነዳድ የማያውቀው» አሉን። ይሄ ልጅ እኮ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ነው ያደገው! አልተቀበልንም ስንል ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን፣ መሀል ያለውን የፎርዊል ካምቢዮ እንክፈተው አሉ። ሦስት ሳምንት አቆሟት። 34 ሺህ ብር ከፈልኩ። ስንረከባት መብራቷ አሁንም ትበራለች፣ የፊት ጎማው አሁንም አይጎትትም፣ በተጨማሪ ደግሞ ከሥር ዘይት ታንጠባጥባለች። ተመልሼ ስሄድ ሥራውን የሠራው ልጅ ሥራ ለቋል ተባልኩ።

ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ምንም ሳይከፍቱ፣ ቆመው እያወሩ፣ «የፊት ዲፈረንሻሉ አልቋል» አሉ፣ ጉልበቱን ለሁለቱ የፊት ጎማዎች የሚያካፍለው ማለታቸው ነው። ያገለገለ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እናስመጣላችሁ፣ 60 ሺህ ብር፣ ግማሹን ቅድሚያ። ገንዘቡ አልነበረኝም። «እንግዲያው ሽጪያት፣ በዚህ ሁኔታ ግን የሚገዛሽ የለም» ብሎኝ ስልኩን ማየት የጀመረው ሰውዬ ፊቱ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን ሁለቱም ቦታ ወንድሜ በሌለበት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሹፌርሽ ነው ያበላሸው፣ መኪናው እየሮጠ ነው ፎርዊሉን የሚያስገባው» ማለታቸው ነው። እኔም አመንኳቸው። የገደሉ አፍ ላይ አድሮ የመጣውን ልጅ «ምን አድርገሃት ነው?» ብዬ የተቀበልኩት ለዚህ ነው። ለአራት ወር ከድርሻው እየቆረጥኩ ለጋራዡ ዕዳ ከፍያለሁ። አንድ ቀንም አልተከራከረኝም። ዝም ብሎ ነበር የሚሄደው።

ወደ ጋሼ የላከችን ከሁለቱ ነጋዴ ሴቶች አንዷ ናት። ቦታው ሲቀላ ነው፣ ከበሩ ላይ ታፔላ እንኳን የለውም። ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ፣ ከሥሩ አግዳሚ ወንበር፣ ዕቃዎቹ በየመጠናቸው ቆርቆሮ ላይ የተደረደሩበት። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ ይመስለኛል። ስንገባ መጀመሪያ ያነጋገሩት እኔን አይደለም፣ ወንድሜን ነው። «የምትነዳው አንተ ነህ? እንግዲያው አንተ ንገረኝ» አሉት። መቼ እንደጀመረ፣ ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ፣ ጠዋት ነው ማታ፣ ከዚያ በፊት የፊት ጎማው ተፈትቶ ያውቃል ወይ። ወንድሜ ከመጀመሩ አንድ ወር ገደማ በፊት የፊት ኩሽኔታ አስለውጠን እንደነበር አስታወሰ። እኔ ረስቼው ነበር። ጋሼ «እሺ» አሉ፣ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ከዚያ ያደረጉትን ልንገራችሁ፣ እኔ የመኪና ነገር የማላውቅ ሰው በዓይኔ ያየሁት ነውና። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፉ፣ ፊቷን በሁለት ክሪክ አነሷት። ሞተሩ ጠፍቷል። ትልቁ ማርሽ አንደኛ ላይ፣ ትንሿ ፎርዊል ላይ፣ ሁለቱም መቆለፊያዎች «ሎክ» ላይ። «አሁን» አሉ ወንድሜን፣ «የቀኙን ጎማ በእጅህ አዙረው። ደህና ከሆነች ግራው በተቃራኒው ይዞራል።» ወንድሜ በርከክ ብሎ አዞረ። የግራው ጎማ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ከሥር አጎንብሰው ባትሪ አበሩና እኔንም ጠሩኝ። «ነይ እዪ፣ ውስጥ ያለው ብረት ይዞራል፣ ጎማው ግን አልተከተለውም። አዙረው አንተ!» ወንድሜ አዞረ። እውነትም ብረቱ ይዞራል፣ ጎማው ቆሟል።

ጋሼ ቀና ብለው ያሉትን ቃል በቃል አልረሳውም፦ «አንተ ልጅ ምንም ጥፋት የለብህም። ይቺ የግራዋ መቆለፊያ ከውጭ የተቆለፈች ትመስላለች እንጂ ውስጧ አልያዘም። ውሃ በቀዳዳው በኩል እንደሚፈሰው፣ ጉልበቱ ሁሉ በለቀቀው በኩል ያልቃል። አንዱ ከለቀቀ ሁለቱም አይጎትቱም።» መብራቱስ ጋሼ፣ ስላቸው «መብራቱ መሀል ያለችው ማርሽ መግባቷን ነው የሚያየው፣ ጎማው ጋ ያለውን ምን ያውቃል?» አሉኝ። እኔ በዚያ መብራት ምክንያት ስንት ወር ወንድሜን እንደከሰስኩት አስቡት።

ወንድሜ ምንም አልተናገረም። እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ማንጎው ዛፍ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ጋሼ አይተውታል። ወዲያው ልጅ ልከው ሻይ አስመጡለት፣ ሥራቸውን ትተውም አጠገቡ ተቀመጡ። ስለ አባታችን ጠየቁት። ሥራ የሚጠብቃቸው ሌላ ሁለት መኪና ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር እኮ!

መቆለፊያዋ ስትከፈት ውስጧ እስከ አፏ ድረስ በግራሶ ተጠቅጥቃለች። ኩሽኔታውን የለወጠው ሰው ነው የሞላው፤ ብዙ ሲሆን የተሻለ መስሎታል። የላይኛው አገር ብርድ ደግሞ አድርቆታል። ሲገጥምም ውሃ እንዳይገባ መሀል የሚደረገውን ወረቀት፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ሳይመልስ ስለዘጋት ውሃና ጭቃ ገብቶ ዝጓል። ጋሼ በቤንዚን አጠቡ፣ ዝገቱን በስሱ የብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ፣ የተፈታውን ዕቃ ወንድሜን አንድ በአንድ አስቆጠሩት፣ ጓርኒሲዮኑን ከወረቀት በመቀስ ቆርጠው ሠሩ፣ ግራሶ በጣታቸው ጫፍ ብቻ ቀቡ። የቀኟንም ከፍተው አጠቡ። ከዚያ በላይ ዝርዝሩን አልችለውም። እኔ የማውቀው መልሰው ሲገጥሙና ወንድሜ ቀኙን ሲያዞር ግራው ወደ ኋላ መዞሩን ነው። ሦስት ጊዜ አዞረው። በሦስተኛው ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

ሂሳቡ 2,500 ብር። አዎ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ። አምስት ሺህ ስሰጣቸው ግማሹን መለሱልኝ። «የሠራሁት የአንድ ቀን ሥራ ነው» አሉ። የመጀመሪያው ጋራዥ የተወውን የዘይት ማንጠባጠብም የላላውን ቡሎን አጥብቀው በዚያው ዘጉልን፣ ለሱም አላስከፈሉም።

ለወንድሜም ምክር ሰጥተውታል፣ ለእናንተም ይጠቅማል። መቆለፊያዎቹን መኪናው ቆሞ አዙሩ፣ ሁልጊዜ ሁለቱንም። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎርዊል አታስገቡ። በጋ ነው ብላችሁም ጨርሳችሁ አትተዉት፣ በወር አንዴ አፈር መንገድ ላይ 15 ኪሎ ሜትር ያህል በፎርዊል ሂዱ፣ ዘይቱ እንዲዳረስ። ኩሽኔታ ስታስለውጡ ደግሞ እዚያው ቁሙ፣ መቆለፊያው ውስጥ ግራሶ እንዳይጠቀጥቁባችሁ።

በዚያው ማታ ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅኩት። ከድርሻው የቆረጥኩትን ቆጥሬ መለስኩለት። «እቴቴ፣ ብሩን ተይው፣ ያመንሽኝ ይበቃኛል» አለኝ፤ እኔ ግን ኪሱ ውስጥ ከተትኩት። ቅዳሜ ዕለት እዚያው ዳገት ላይ ዝናብ ያዘው። ወጥቶ ሲጨርስ ደወለልኝ፤ ከላይ ሆኖ አባያና ጫሞ ሁለቱም ይታዩታል፣ «ሁለቱም ይዘዋል» አለኝ። መጀመሪያ ሐይቆቹን መስሎኝ ነበር፣ ለካ ጎማዎቹን ነው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ እጅዎን ይባርክ። ወገኖቼ፣ መኪናችሁን ከማስከፈታችሁ በፊት፣ ዲፈረንሻል ግዙ ከመባላችሁ በፊት፣ ሹፌራችሁን ከማባረራችሁ በፊት እሳቸው ጋ ውሰዱት። እለምናችኋለሁ፣ ውሰዱት። አድራሻውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። እሁድ አይሠሩም። መኪና ሥር ከገቡ ስልክ አያነሱም፣ ደግማችሁ ደውሉ። ስትሄዱም የሚነዳውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።