ቅዳሜን በሸንጎ፦ ስለ አንድ የደሴ ካፌ የክርክር መርሐ ግብር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚገኝ አንድ ካፌ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የክርክር መርሐ ግብር ማዘጋጀት ከጀመረ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተገኝቻለሁ። መግቢያው 150 ብር ሲሆን ቆሎ፣ አቦልና ቶና በዚሁ ይታሰባሉ። የገባ ሰው ሁሉ በጥንታዊቷ አቴንስ አምሳል በምናብ የተፈጠረች፣ ጉዳይዋን በአደባባይ ሙግት የምትጨርስ ከተማ ዜጋ ይሆናል። ተናጋሪውም ሆነ ሰብሳቢው የሚለየው በዕጣ ነው፤ በአቴንስም የምክር ቤቱ ሰብሳቢ በየዕለቱ በዕጣ ይለወጥ ስለነበር አዘጋጆቹ በዚህ ረገድ አብነታቸውን በሚገባ ተከትለዋል።

በሁለተኛው ቅዳሜ የቀረበው ጭብጥ፣ ከተማዋ ከተራራዋ ብር ብታገኝ (ማዕድኑን ማለቴ ነው) ለዜጎቿ ታከፋፍለው ወይስ የጦር መርከብ ትሥራበት የሚል ነበር። ነገሩ መሠረት አለው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ483 ገደማ አቴናውያን ላውሪዮን ከተባለው የማዕድን ስፍራቸው የወጣውን ብር ሊካፈሉ ሲያስቡ ቴሚስቶክልስ የተባለ መሪያቸው መርከብ ይሠራበት ብሎ አሳምኗቸዋል፤ በ480 በሳላሚስ ደሴት አጠገብ የፋርስን ባሕር ኃይል ድል የመቱትም በእነዚያ መርከቦች ነው። አዘጋጆቹ ይህን ከድምፅ መስጫው በፊት አለመናገራቸው ብልህነት ነው፤ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጦ፣ ባሕር በዓይኑ ያላየ ሰው ስለ መርከብ ያን ያህል ሲሟገት መስማት ብቻውን የመግቢያውን ዋጋ ያወጣል። አንድ አዛውንት ዕጣው ሲደርሳቸው ኩታቸውን አስተካክለው «ተጠየቅ!» ብለው ሲነሡ ደግሞ፣ የበላ ልበልሃ አገር ለሙግት ከግሪክ የሚበደረው ያን ያህል ብዙ እንዳልሆነ ታየኝ።

ከሁሉ የላቀው ንግግር ግን ከኮምቦልቻ የመጣች ወጣት ያደረገችው ነው፤ ብሩ ይካፈል አይካፈል ከማለቷ በፊት ቆፋሪው ማን እንደሆነ፣ ድርሻውስ ስንት እንደሆነ ጠየቀች። በላውሪዮን ይቆፍሩ የነበሩት በአብዛኛው ባሮች ሲሆኑ፣ በአቴንስ ሸንጎ ባሪያም ሆነ ሴት የመናገር መብት አልነበራቸውም። በየወንበሩ የሚታደለው ባለ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይህን አንድም ቃል ሳይል ማለፉ ከባድ ጉድለት ነው።

የንግግር ጊዜ የሚለካው ከሥሩ በተሸነቆረ የውሃ ማሰሮ ሲሆን፣ ይህም ከአቴንስ ፍርድ ቤቶች የተወሰደ ነው፤ በቁፋሮ የተገኘ አንድ የዚያ ዘመን ዕቃ ውሃውን የሚጨርሰው በስድስት ደቂቃ ገደማ ነው። ሆኖም እዚያ ጸሐፊው ሕግ ወይም የምስክር ቃል ሲያነብ ቀዳዳው ይደፈን ነበር፤ እዚህ ግን አስተናጋጇ ተራዬ ላይ ጎንበስ ብላ «ወንድሜ፣ ስኳር ስንት ላድርግልህ?» ስትለኝ ውሃው ያለ ርኅራኄ ይወርዳል።

ጨርሶ ያልተዋጠልኝ የስደት ሕጉ ነው። በየዙሩ የተረታው ተናጋሪ ስሙ በገል ላይ ይጻፍና መርሐ ግብሩ እስኪያልቅ ወደ በረንዳ ይወጣል። አቴናውያን በእርግጥ በገል ላይ ስም ጽፈው ሰው ያሰድዱ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ከዓመት አንድ ጊዜ ቢበዛ የሚደረግ፣ ቢያንስ 6,000 ድምፅ የሚጠይቅ፣ ለዐሥር ዓመት የሚያርቅና ንብረት የማያስወርስ ሥርዓት እንጂ በክርክር ለተረታ የተደነገገ ቅጣት አልነበረም። ቴሚስቶክልስ ራሱ ኋላ በዚሁ መንገድ ተሰድዷል። በካፌው የሕጉ ውጤት ያሳዝናል፤ ደፍረው የሚናገሩት ቀድመው ስለሚወጡ በሁለተኛው አጋማሽ ውስጥ የሚቀረው እርስ በርሱ የሚስማማ ሰው ነው። እኔ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሦስት ሰዎች ጋር ወጥቼ በደሴ ጉም ውስጥ የቀጠልነው ክርክር ከአዳራሹ የተሻለ ነበር።

ይህ ሕግ እስኪስተካከል ድረስ ለመሄድ ያሰበ ሰው ጃኬት ይያዝ። ቶናው በረንዳ ድረስ ይመጣል፤ እዚያ ደግሞ ማሰሮ የለም።