የሚስተካከል የፓናርድ ዘንግ በላንድ ክሩዘር 79 ላይ፦ ከወራት በኋላ

ፒክአፑ እጄ ሲገባ የቀድሞው ባለቤት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚያደርጉ ሞላዎች አስገጥሞበት ነበር። ቁመናው ያምራል። ነገር ግን አንዱ ጎማ ጉብታ በወጣ ቁጥር መሪው በራሱ ወደ ጎን ይስብ ነበር። መለዋወጫ ሻጮች የመሪ ሾክ አብዞርበር እንድገዛ መከሩኝ። እሱ ንዝረቱን ያፍናል እንጂ መነሻውን አይነካም።

መነሻው ከመኪናው ፊት ተንበርክኮ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው። ባሌስትራ ጭነት ከመሸከሙ ባሻገር አክስሉን በቦታው ይይዘዋል። ይህ መኪና ግን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከፊት በሞላ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ሞላ ደግሞ የጎን ግፊትን አይቋቋምም። ያንን የሚሠራው ከሻሲው አንድ ወገን ተነሥቶ በአክስሉ ሌላ ወገን የሚታሰረው የፓናርድ ዘንግ ነው። ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደው የመሪ ዘንግም በአጠገቡ ያልፋል። አክስሉ ሲወጣና ሲወርድ ሁለቱም በየራሳቸው ቅስት ይጓዛሉ። ትይዩ ከሆኑና ርዝመታቸው ከተቀራረበ ቅስቶቹ ይገጥማሉ፤ ካልሆነ ጎማው ሹፌሩ ሳያዝዘው ይታጠፋል።

በእኔ መኪና ላይ ከሞላዎቹ ጋር የተገጠመ ብረት የፓናርዱን የሻሲ ጫፍ ብቻ ዝቅ አድርጎት ነበር። የታሰበው አክስሉን መሃል ለመመለስ ነው፤ ትይዩነቱን ግን አፍርሶታል። ብረቱን አስወጥቼ በፋብሪካው ቀዳዳ ላይ በጥርስ የሚረዝምና የሚያጥር ዘንግ አስገጠምኩ። መኪና ከፍ ሲል አክስሉ የፓናርዱ የሻሲ ጫፍ ወዳለበት ወገን ይሳባል፤ ስለዚህ ከሻሲው እስከ ጎማው ያለው ርቀት ግራና ቀኝ እኩል እስኪሆን ዘንጉን አስረዘምነው። ብሎኖቹ መጥበቅ ያለባቸው መኪናው በጎማው እንደቆመ ነው። ተንጠልጥሎ ከታሰረ ጎሚኒው፣ ማለትም በዘንጉ ጫፎች ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚገባው ቀለበት፣ ተጣሞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ለውጡ በመጀመሪያው ጉብታ ላይ ታወቀ፤ መሪው ቀጥ ብሎ ቆመ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ይህ ዘንግ የማይፈታው ከስተርን፣ ማለትም የፊት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ የሚያዘነብልበትን ማዕዘን ነው። ሞላው ሲረዝም አክስሉ ትንሽ ስለሚዞር መሪው ከጥምዝ በኋላ በደንብ አይመለስም፣ በፍጥነትም ይዋልላል። ቀዳዳቸው ከመሃል የወጣ ጎሚኒዎች በአክስል ክንዶቹ ላይ ካስገባሁ በኋላ ነው የተስተካከለው።

ሁለት ቅሬታ አለኝ። የዘንጉ ማቆሚያ ዳዶ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላልቶ እንደገና ማጥበቅ ግድ ሆነ። አብረውት የመጡት ደረቅ ጎሚኒዎችም የጠጠር መንገድን ንዝረት ወደ ጋቢናው ያስገባሉ። ሲያረጁ በላስቲክ እቀይራቸዋለሁ፤ ዘንጉን ግን አልቀይረውም።