አይስበርግ ጽጌረዳ፣ ከአራት ዓመት በኋላ

ጽጌረዳ አልወድም ነበር። አበባውን ሳይሆን አተካከሉን ነው የምጠላው። ለብቻው መደብ ይወጣለታል፣ ዙሪያው ባዶ አፈር ይሆናል፣ አበባው ሲረግፍ የሚቀረው እሾህና ግንድ ነው። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አይስበርግ ናት።

ነጭ ናት። ጀርመናዊው ራይመር ኮርደስ በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣት ዝርያ ስትሆን፣ በ1983 ደግሞ የዓለም ተወዳጅ ጽጌረዳ ተብላ ተመርጣለች። ይገባታል። አንድ ግንድ ላይ አንድ ትልቅ አበባ አውጥታ አትቆምም፣ በዘለላ ነው የምታብበው፤ አንዱ ዘለላ ሲያልቅ ሌላው ስለሚተካ ለአሁን ጊዜ ግቢ፣ ማለትም ሁሉም ተክል ተቀላቅሎ ለሚያድግበት፣ በጣም ትመቻለች።

እኔ ሦስቱን 70 ሴንቲ ሜትር አራርቄ፣ ከላቬንደርና ከቀጫጭን ሣር ጋር አሰባጥሬ ነው የተከልኳቸው። ነፋስ ሲመጣ ሣሩ ይተኛል፣ እነሱ ከመሃል ቀና ብለው ይታያሉ። ሲመሽ ደግሞ ሌላው አበባ ሁሉ ሲጠፋ የእነሱ ነጭ ገና አለ። ቀዝቃዛ ሌሊት ያደረ እንቡጥ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ጫፉ ላይ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም አለው፤ ጠዋት ጠዋት ይህን ለማየት ብዬ ነው የምወጣው። እሾኋ ጥቂት ስለሆነ መተላለፊያ ዳር ብትሆንም ልብስ አትይዝም።

አሁን ወደ ችግሩ። ችግኙን የሸጠልኝ ሰው በሽታ አይነካትም ብሎኝ ነበር። ልክ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ የታችኞቹ ቅጠሎች ጥቁር ነጠብጣብ አወጡ፣ ቢጫ ሆኑ፣ ግማሹ ረገፈ። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ ማታ ማታ በጎማ ከላይ አጠጣ ነበር። ነጠብጣቡን የሚያመጣው ፈንገስ ደግሞ የሚፈልገው ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ የሚቆይ ቅጠል ነው። አሁን ጠዋት ሥሯ ላይ ብቻ አጠጣለሁ፣ የረገፈውን ለቅሜ አስወግዳለሁ፣ ስገርዛትም አየር እንዲገባ መሃሏን እከፍታለሁ። ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን በጣም ቀንሷል።

ሽታዋ ቀላል ነው። ጽጌረዳ ማለት ሽታ ነው የምትሉ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። በቀን ለስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ የማያገኝ ቦታ ላይም አትሞክሯት። ቦታው ካላችሁ ግን አንድ ብቻ አትትከሉ፣ ቢያንስ ሦስት። እኔ ዘንድሮ ሁለት ልጨምር ነው።