«ቱርቦ አለው፣ ነዳጅ አይበላም» ያሏችሁን ባጃጅ ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴ ላይ ያገለገለ ባጃጅ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ በተለይ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ ወይም ባቲ ወስዳችሁ ልታሠሩት የፈለጋችሁ፣ ይቺን አንብባችሁ ሂዱ። ሰሞኑን አንድ ወሬ በዝቷል። ደላላው ጠጋ ይልና «ይሄኛው ልዩ ነው፣ ቱርቦ ተገጥሞለታል፣ ነዳጅ አይበላም» ይላችኋል። ዋጋውም ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነው። እንዳትሸወዱ። ብር የምትጨምሩት ነዳጅ ለሚቆጥብ ሞተር አይደለም። ነዳጅ ለተነፈገ ሞተር ነው።

ወሬው ለምን ገዢ እንደሚያገኝ ይገባኛል። ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር አልፏል። ያውም ከተገኘ። ማደያ ተሰልፋችሁ ትውላላችሁ፣ ወይ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን በተወደደ ዋጋ ትገዛላችሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ «በአንድ ሊትር ከሌላው አብልጦ ይሄዳል» ሲባል ጆሮ የማይሰጥ የለም።

የእህቴ ልጅ ከእነዚህ ባጃጆች አንዱን ገዝቶ ኮምቦልቻ ወሰደው። ሻጩና አስተካካዩ ጋራዥ እጅና ጓንት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። ደሴ ላይ ባዶውን ስለተሞከረ ደህና ይመስል ነበር። ኮምቦልቻ ወርዶ ሦስት ሰው መጫን ሲጀምር ግን ጠባዩ ተለወጠ። ጋዝ ሲሰጡት ይንቀራፈፋል። ጋዝ ሲለቁት ደግሞ ዙሩ ቶሎ አይወርድም። እየጮኸ ይቆይና ነው ወደ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጡት ወደሚቆይበት ዝቅተኛ ዙር) የሚመለሰው። ቁልቁለት ላይ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጠሽ ጠሽ ይላል። ልጁ ለሻጩ ደወለ። «አብሽር፣ ሞተሩ አገሩን እስኪለምድ ነው» ተባለ። ሞተር ከመቼ ወዲህ ነው አገር የሚለምደው? ብዙም ሳይቆይ፣ በቀትር ፀሐይ ሰው እንደጫነ፣ ሞተሩ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተን ቤቱን፣ ሲሊንደሩን፣ ነክሶ ቀጥ አለ።

ሞተሩ ሲፈታ አጠገቡ ነበርኩ። መጀመሪያ «ቱርቦ» የተባለውን ልንገራችሁ። ከአየር ማጣሪያው ወደ ካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር ወደሚቀላቀሉበት ክፍል) የሚሄደው የጎማ ቱቦ በቢላ ተቆርጧል። የተቆረጠበት ቦታ ላይ ከሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያንስ ክብ ቆርቆሮ ተሰክቷል። ውስጡ ጠመም ጠመም ያሉ ክንፎች አሉት። ክንፎቹ ከቆርቆሮው ጋር ስለተበየዱ አይዞሩም። ዙሪያው በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ፕላስተሩም በሙቀት ለቋል። በዚያ ክፍተት የሚገባው አየር በማጣሪያው አያልፍም። የካርቡሬተሩ አፍ ላይ ጣቴን ሳሳልፍ አቧራ ይዞ ወጣ። በቃ፣ ቱርቦው ይሄ ነው።

እውነተኛ ቱርቦ ሌላ ነገር ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በግፊቱ አንድ ባለ ክንፍ መዘውር ያዞራል። ያ መዘውር በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ሌላውን ያዞራል። ሁለተኛው አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር ነው። ትልልቅ የናፍጣ መኪናዎች ዳገት ሲወጡ የሚያፏጨው እሱ ነው። አየር ሲጨመር ደግሞ ነዳጅም አብሮ መጨመር አለበት። ስለዚህ «ቱርቦ ገጥሜ ነዳጁን ቀነስኩ» የሚላችሁ ሰው እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሁለት ነገሮች ነው የነገራችሁ።

በረዶ አገር ያሉ ሰዎች በበረዶ ላይ የሚነዱት ሞተር አላቸው። ከፊት ሸርተቴ፣ ከኋላ በጎማ ፋንታ በሚሽከረከር ሰፊ ቀበቶ የሚሄድ። አንዳንዶቹ ካርቡሬተር ባለው ሞተር ላይ የምር ቱርቦ ይገጥማሉ። ራስ ምታታቸው ምን መሰላችሁ? ይሄው የእኛው፣ የነዳጅ ማነስ። ቱርቦው አየሩን በካርቡሬተሩ በኩል ሲገፋው፣ ነዳጅ የሚጠራቀምባት የካርቡሬተሩ ሳህን ላይም ያው ግፊት መድረስ አለበት። ካልደረሰ ነዳጁ ወደ አየሩ አይወጣም። የነዳጅ ፓምፑም ከቱርቦው ግፊት በልጦ ካልገፋ ሳህኗ ባዶዋን ትቀራለች። ስለዚህ ግፊቱን የምታደርስ ቀጭን ቱቦ ወደ ሳህኗ ይዘረጋሉ፣ ጠንካራ ፓምፕ ያስገባሉ፣ የነዳጁን ቀዳዳ ያሰፋሉ። ያን ሁሉ አድርገውም ፒስተን የሚያቃጥሉ አሉ። እኛ ዘንድ ቆርቆሮና ፕላስተር በቂ ሆኖ ተገኘ!

ቆርቆሮው ብቻውን ግን ይህን ሞተር ባልገደለው ነበር። ዋናው ጉድ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ መሃሏ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች፣ ጄት የምትባል። ነዳጁ ተለክቶ የሚያልፈው በእሷ ነው። ላይዋ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይሰፋል። ሜካኒኩ ጄቷን አውጥቶ ወደ ፀሐይ አቅንቶ ሲያያት ቀዳዳዋ ክብ አልነበረም። በመርፌ ሲነካው አንዲት የመዳብ ክር ወጣች። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ የምትመዘዝ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች። ተንሸራታ እንዳትወድቅ ጫፏ ታጥፏል። ነዳጅ ቆጣቢው ቴክኖሎጂ ይቺ ናት። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ጄቷ ትክክለኛዋ ናት» ብሎ ያልፋል። ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው።

ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል አየር እንዳይገባ መሃል የሚደረገው ጓርኒሲዮን ደግሞ የብስኩት ካርቶን ነበር። ቀልድ አይደለም፣ ጽሑፉ ይነበባል። ካርቶን ቤንዚን ሲነካካው ይበሰብስና አየር ያስገባል። በዚህ በኩል የሚገባ አየር በካርቡሬተሩ ሳያልፍ ስለሚገባ ነዳጅ አልያዘም። ነዳጅ ባነሰው ድብልቅ ላይ ነዳጁን ይበልጥ ያሳንሰዋል።

ነዳጅ ማነስ ሞተር ለምን ያቃጥላል? 1 ኪሎ ቤንዚን በወጉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ሞተር ጭነት ሲበዛበት ግን ነዳጁ ከዚህ ጠንከር ማለት አለበት። ለ1 ኪሎ ቤንዚን ከ12 እስከ 13 ኪሎ አየር ማለት ነው። ትርፉ ነዳጅ በከንቱ አይሄድም፣ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ነዳጁ ሲቀነስ ያ ማቀዝቀዣ ይቀራል። እሳቱም ስለሚዘገይ ሙቀቱ የፒስተኑን አናትና የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ይጠብሳል። የአልሙኒየም ፒስተን ሲግል ይለጠጣል፣ መላወሻ ያጣል፣ ይነክሳል። ይህን ቁጠባ የሚል ሰው ድርቆሽ ቀነስኩ ብሎ በሬውን ሞፈር ላይ እንደጣለ ገበሬ ነው። በነጭ ጋዝ የተበረዘ የሃይላንድ ቤንዚን ሲጨመርበትማ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ጉዳቱም ይፋጠናል።

ታዲያ ደሴ ላይ እንዴት ሄደ? አንደኛ፣ የቾኩ ገመድ ትንሽ ተስቦ በሽቦ ታስሯል። ቾክ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚሳብ ነው፣ ነዳጅ ያበዛል። በጄቷ የነሱትን በቾክ መለሱለት ማለት ነው። ባዶውን በቀስታ ሲነዳ ሞተሩ ልስልስ ይላል፣ ሲጫን ግን አይበቃውም።

ሁለተኛው አየሩ ነው። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1850፣ ባቲ ወደ 1500። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ካርቡሬተር ደግሞ ይህን አውቆ ነዳጁን በልኩ አይቀንስም። ስለዚህ ደሴ ላይ ነዳጁ ትንሽ ይበዛል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁም በጥቂት በመቶ ያንሳል። ጤነኛ ጄት ላለው ሞተር ይሄ ምንም አይደለም። በሽቦ ለታነቀው ግን የመጨረሻዋ ግፊት ናት። ወደ አፋር ቆላ ከወረደማ አስቡት።

እውነቱን ለመናገር፣ ደሴ ላይ ብቻ ለሚሠራ ባጃጅ አንድ ደረጃ አነስ ያለች ጄት መግጠም ነውር የለውም። ሥራውን የሚያውቅ ሜካኒክ ያደርገዋል። ግን አዲሷን ገጥሞ፣ አሮጌዋን በእጃችሁ ሰጥቶ፣ «ቆላ ስትወርድ መልሳት» ብሎ ነው። ሽቦ የሚሰካ ሰው ይህን አይላችሁም።

አሁን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ምን ታያላችሁ? በጠዋት ሂዱ፣ ሳትጠበቁ። ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ከወዲሁ ከሞቀ «ለምን አሞቃችሁት?» በሉ። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ብዙ ምሥጢር ያወጣል። የቾኩን ገመድ እስከ ካርቡሬተሩ ድረስ በዓይናችሁ ተከተሉት። የታሰረ ወይም ያልተለቀቀ ከሆነ እዚያው አቁሙ። ከዚያ ሰው ጭናችሁ ዳገት አውጡት። ደሴ ላይ ዳገት አይጠፋም። ሻጩ «ባዶውን ሞክሩት» ካለ ይህም መልስ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዳገት ላይ ሲደክም ቾኩን በትንሹ ሳብ አድርጉ። ጉልበት ከጨመረ ነዳጅ አንሶታል። ካፈነው የነዳጅ ማነስ የለበትም፣ ሌላ ነገር ፈልጉ።

ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ነው፣ አሮጌ ከሆነ። ዳገቱን ወጥታችሁ፣ ሚኒሞ ላይ ሳታቆዩት ወዲያው አጥፉት፣ ሲበርድ ካንዴላውን አውጡ። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል። ነጭ ከሆነ፣ አመድ ከመሰለ፣ ወይም ነጫጭ ፍንጣቂ ከታየበት ነዳጅ አንሶት ተቃጥሏል። አሮጌ ባጃጅ ላይ የሚያብለጨልጭ አዲስ ካንዴላ ካገኛችሁ «ምስክሩን ደብቀዋል» በሉ። አሮጌውን ጠይቁ። ጣልነው ይሏችኋል።

የአየር ቀዳዳ ለመፈለግ የሳሙና ውሃ በቂ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ ካርቡሬተሩ ከሞተሩ የሚጋጠምበትን ዙሪያ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ዙሩ ከተለወጠ አየር እየሳበ ነው። ቤንዚን እየረጩ የሚሞክሩ አሉ፣ በጋለ ሞተር ላይ እሳት መጫወት ነው፣ ተዉት። የነዳጅ ታንከሩንም ክዳን አትርሱ። ትንሽ ሄዶ የሚደክም ባጃጅ ክዳኑ ሲከፈት ፊሽ ብሎ አየር ከሳበ፣ መተንፈሻው ተደፍኗል ማለት ነው። ይሄ በጽዳት የሚያልፍ ነው፣ ለዋጋ መከራከሪያ ግን ይሆናችኋል።

ጄቷን ያለ ሜካኒክ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ከሻጩ ጋራዥ ጋር የማይተዋወቅ ሜካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ካርቡሬተሩን አስከፍቱ። ለዚህ የምትከፍሉት ከአንድ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሻጩ «ካርቡሬተሩ አይከፈትም» ካለ ሰላም ብላችሁ ተሰናበቱት።

ውሉ ላይ ደግሞ አንዲት መስመር አስጨምሩ። «ካርቡሬተሩና የአየር ቱቦው አልተነካኩም» የምትል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለዕቃው ጉድለት በኃላፊነት የሚጠየቅበት ደንብ አለው። ግን ጉድለቱን ስታገኙ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሻጩ አሳውቁ፣ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። የተገኘውንም ክር፣ ካርቶንና ቆርቆሮ እንዳትጥሉ። የእህቴ ልጅ በላስቲክ አድርጎ አስቀምጦታል። ሻጩ በስልክ «አብሽር» ሲል የነበረው ላስቲኩን ካየ በኋላ ሽማግሌ መላክ ጀምሯል።

ቀድማችሁ የገዛችሁ፣ ባጃጁ አሁንም እየሄደ ከሆነ፣ ጭነት አቁሙና መጀመሪያ ቆርቆሮውን አስወጥታችሁ አዲስ ቱቦ አስገጥሙ። ቀጥሎ ጄቷን አስፈትሹ። ሽቦ ከተገኘባት ወይም በመሰርሰሪያ ከሰፋች ጣሏት፣ በባጃጁ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ባለው ቁጥር አዲስ ግዙ። ጓርኒሲዮኑንም የራሱን። ሞተሩ ነክሶ ለቆመባችሁ ደግሞ፣ ሜካኒኩ አዲስ ፒስተን ከመግጠሙ በፊት ካርቡሬተሩን ከፍቶ ያሳያችሁ። የመዳቧ ክር እዚያው እያለች የተገጠመ አዲስ ፒስተን የሚሄደው እንደ አሮጌው ነው።