የቼዝ መጽሐፍ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የውስጥ ገጹን አሳዩኝ በሉ

የድሮዎቹን የዓለም ሻምፒዮኖች የካፓብላንካን፣ የላስከርን ወይም የአሌኪንን መጽሐፍ ኦንላይን በርካሽ አግኝታችሁ ውጭ አገር ባለ ዘመድ ልታስገዙ ያሰባችሁ ቼዝ ወዳጆች፣ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ይህችን አንብቡ። ሽፋኑ የሚያምር፣ ወረቀቱ ነጭ፣ ውስጡ ግን ቦርድ ላይ ሊከተሉት የማይቻል መጽሐፍ እየተሸጠ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።)

ዛሬ ጨዋታ የምንመዘግበው በአልጄብራይክ፣ ሳጥኑን በፊደልና በቁጥር በሚጠራው አጻጻፍ፣ ነው፤ ኢ4 ለነጩም ለጥቁሩም ያው አንድ ሳጥን ነው። በእንግሊዝኛ የታተሙት የድሮ መጻሕፍት ግን አብዛኞቹ የተጻፉት በዲስክሪፕቲቭ ነው። በዚህ አጻጻፍ ቋሚው መስመር የሚጠራው ጨዋታው ሲጀመር እዚያ በቆመው ጠጠር ስም ነው። አግዳሚውን ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋች ከራሱ ወገን ይቆጥረዋል። ስለዚህ ነጩ ፒ-ኬ4 (ፒ ወታደር፣ ኬ የንጉሡ መስመር) ሲል ወታደሩ ኢ4 ላይ ይቆማል፤ ጥቁሩም ፒ-ኬ4 ሲል የእሱ ወታደር የሚያርፈው ኢ5 ላይ ነው። 64ቱም ሳጥኖች ሁለት ሁለት ስም አላቸው። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ ይህን አጻጻፍ በ1981 ትቶታል።

አጻጻፉን አልወቅሰውም። ትንሽ ከታገሉት ይለመዳል፤ እንዲያውም ከተለመደ በኋላ የራሱ ጣዕም አለው። የምወቅሰው ይህን ሳይናገሩ የሚሸጡትን ነው።

ለእህቴ ልጅ ያስገዛነው መጽሐፍ ማስታወቂያው ላይ «አዲስ እትም፣ በዘመናዊ አጻጻፍ» የሚል ነበረበት። የመጣው ግን የድሮው መጽሐፍ ስካን ተደርጎ ፊደሉ በማሽን ተነብቦ የታተመ ቅጂ ነው። ልጁ ገና ጀማሪ ነው፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቦርዱን ዘግቶ ተነሣ። ከማስታወቂያው ሥር የነበረው ምስጋናና ኮከብ ሁሉ የተሰጠው ለካ ለሌላ አሳታሚ እትም ነው፤ የኦንላይን ገበያው የአንድን መጽሐፍ እትሞች በሙሉ አንድ ላይ አጭቆ ያሳያል። አስተያየቱን አይታችሁ አትመኑ።

በማሽን የተነበበው ቅጂ ለምን እንደማይረባ በምሳሌ ላሳያችሁ። በስፓኒሽ መክፈቻ የነጩ ሦስተኛ እርምጃ በድሮው አጻጻፍ ቢ-ኬቲ5 ነው፤ ቢሾፑ (ቢ) በፈረሱ መስመር (ኬቲ) አምስተኛው ሳጥን ላይ፣ በዛሬው አጠራር ቢ5 ላይ፣ ይወጣል ማለት ነው። «ኬ» ለንጉሡ ስለተያዘ ፈረስ በጥንቶቹ መጻሕፍት «ኬቲ» ተብሎ ይጻፋል። ማሽኑ ያቺን ትንሽ «ቲ» ከዋጣት የሚታተመው ቢ-ኬ5 ነው። ይህ ደግሞ የጥቁሩ ወታደር የቆመበት፣ ቢሾፑ ከነበረበት ሊደርስበት የማይችለው ኢ5 ነው። መክፈቻው ላይ ልምድ ያለው ሰው ስቆ ያርመዋል። ሠላሳኛው እርምጃ ላይ፣ ጠጠሮቹ ከተበታተኑ በኋላ፣ ማን ያርመዋል? መብላትም ሲጻፍ የተበላው ጠጠር ዓይነት እንጂ ሳጥኑ አይነገርም፤ ፒ በፒ ይላል፣ በቃ። አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ከተበላሸ የትኛው ወታደር የትኛውን እንደበላ ማወቂያ የለም። የነጩና የጥቁሩ እርምጃ በሁለት ዓምድ የታተመ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ የነጩን ከላይ እስከ ታች ያነብና የጥቁሩን ከሥሩ ይደረድረዋል። የቦርዱ ሥዕሎችም አንዳንዴ ጨርሰው የሉም። ያለ ሥዕል ጥቂት ጠጠር የቀረበትን የጨዋታ ማብቂያ ማጥናት ያለ ካርታ በረሃ መግባት ነው።

የአጻጻፍ ለውጡን የሠራው ታዋቂ አሳታሚ ቢሆንም እትሙን ለይታችሁ ጠይቁ። የቦቢ ፊሸር «የእኔ 60 የማይረሱ ጨዋታዎች» በ1969 የወጣው በዲስክሪፕቲቭ ነው። አሳታሚው ባትስፎርድ በ1995 ወደ አልጄብራይክ ሲለውጠው ጽሑፉንም በብዙ ቦታ ነካካው፤ ፊሸርም በቁጣ ተቃወመ። በ2008 ያው ቤት የደራሲውን ጽሑፍ መልሶ፣ አጻጻፉን ብቻ አዘምኖ አወጣው። የምትፈልጉት ይህኛውን ነው።

አሮጌ ሁሉ ግን ዲስክሪፕቲቭ አይደለም። ጀርመኖችና ሩሲያውያን ያኔም በአልጄብራይክ ይጽፉ ነበር። የኒምዞቪች «የእኔ ሥርዓት» በ1925 በጀርመንኛ ሲወጣ በአልጄብራይክ ነበር፤ ወደ ዲስክሪፕቲቭ የገባው ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ነው። ሶቭየት ኅብረት የተማረ አጎት ያመጣው የሩሲያ ቼዝ መጽሐፍ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ካለ የጠጠሮቹን ፊደል ብቻ አጥኑና ተጠቀሙበት፤ ሳጥኖቹ ዛሬ በምናውቃቸው ስሞች ነው የተጻፉት።

ሻጩን አንድ ጨዋታ ያለበትን ገጽ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ በሉት፤ ሽፋኑን አይደለም። ከላከው ገጽ ላይ ፒ-ኬ4 ካያችሁ ዘመናዊ ያለው ውሸት ነው። ገጹን መላክ ካልፈለገ ተዉት። የአሳታሚው ስም በግልጽ የሌለበትን፣ ሽፋኑ ላይ ከቼዝ ጋር የማይገናኝ የአበባ ወይም የተራራ ፎቶ የተለጠፈበትንም እለፉት። በዲስክሪፕቲቭ ለማንበብ ቆርጣችሁ ከሆነማ የካፓብላንካ የ1921 «የቼዝ መሠረቶች» በጉተንበርግ ፕሮጀክት፣ የድሮ መጻሕፍት በነጻ በሚነበቡበት ድረ ገጽ፣ ከነሥዕሉ በነጻ ይገኛል፤ ለማሽን ግልባጭ ምን አስከፈላችሁ?

ገዝታችሁ ከሆነ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ የተበላሹትን ገጾች ፎቶ አንሡ። የመጀመሪያዎቹን ገጾችም እዩ፤ «ታሪካዊ ቅጂ ስለሆነ ጉድለት ሊኖረው ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር በደቃቁ ታትሞ ታገኙ ይሆናል። ሻጩ እሱን ይዞ ይከራከራችኋል። ስለ ጉድለቱ አትከራከሩት። ማስታወቂያው ላይ «ዘመናዊ አጻጻፍ» ያለበትን ስክሪንሾት ላኩለትና የተባለው ዕቃ አልደረሰኝም በሉ፤ ማስታወቂያውን ሳያስተካክለው በፊት አንሥታችሁ አስቀምጡት።