2.71 ይዤ የኮሌጄን የሥራ ምክር ቢሮ አየሁት

ባለፈው ወር የተማርኩበት ኮሌጅ የሥራ ምክር ቢሮ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ለተመራቂዎች ነፃ ነው። ሲቪ ያያሉ፣ ኢንተርቪው ያለማምዳሉ። በእናንተም ኮሌጅ እንዲህ ያለ ቢሮ ካለና ውጤታችሁን ሰው ፊት ማውጣት ከብዷችሁ ከቀራችሁ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ባከነ። አንድ ወጣት የሲቪ ፎርም ሰጠኝና "ሞልተህ ተመለስ" አለኝ። ፎርሙ ላይ ጂፒኤ (የኮሌጅ አማካይ ውጤት) የሚጻፈው ከስም ቀጥሎ ነው፣ ያውም በደማቁ። 2.71 ብዬ ስጽፍ እጄ ከበደኝ። የሁለት ክረምት ኢንተርንሺፕና የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ከታች ተደብቀዋል። ማን እዚያ ድረስ ወርዶ ያነባቸዋል?

በሁለተኛው ቀን የገጠሙኝ አማካሪ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። ሲቪውን ትተው ትራንስክሪፕት ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ መከላከያዬን ይዤ ነበር የገባሁት፦ የጉግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበረው ላዝሎ ቦክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለኒውዮርክ ታይምስ ጂፒኤ ምንም አይተነብይም ብሏል። "ብሏል" አሉኝ፤ "ከትምህርት ቤት ከወጡ ገና ጥቂት ዓመት የሆናቸውን ግን ነጥሎ ነው የተናገረው። አንተ ደግሞ ከእነሱ ነህ።" ያንን ክፍል ዘልዬው ነበር።

ከዚያ ይዤ የሄድኳቸውን 14 ማስታወቂያዎች ለሁለት ከፈሏቸው። አምስቱ 3.0 እና ከዚያ በላይ ይላሉ። "እዚህ የሚያጣራህ ሰው ላይሆን ይችላል፣ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። ጉልበትህን በዘጠኙ ላይ አውለው" አሉኝ። ቀጥለው ከሦስተኛ ዓመት ወዲህ የወሰድኳቸውን የሙያ ኮርሶች ነጥብ በክሬዲታቸው እያባዙ ደመሩና ለክሬዲቱ ድምር አካፈሉት። 3.32 መጣ! አራት ዓመት ስማር ይህን ቁጥር አስልቼው አላውቅም። ሲቪዬ ላይ እንዳሰፍረው ፈቀዱልኝ፤ ግን "የሙያ ኮርሶች" ተብሎ፣ ጠቅላላውም ከጎኑ ሆኖ። ትራንስክሪፕት መጠየቁ አይቀርምና።

ሦስተኛው ቀን ግን ለብቻው ቢሮውን ያስመሰግነዋል። የኢንተርቪው ልምምድ ነበር። "ውጤትህ ለምን ወረደ?" ሲሉኝ የአባቴን ሕመም፣ ማታ ማታ መሥራቴን፣ የወደቅኩበትን ካልኩለስ ሁሉ ዘረገፍኩት። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ሰዓታቸውን አሳዩኝ፤ አራት ደቂቃ ሙሉ አውርቻለሁ። ስድስት ጊዜ ደጋገምነው። በመጨረሻ ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ወደ ፕሮጀክቴ መሻገር ቻልኩ። ያን ቀን ስወጣ ውጤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላፍር ተናግሬዋለሁ።

ከዘጠኙ ሁለቱ ጠሩኝ። አንደኛው ስለ ጂፒኤ ቃል አልተነፈሰም፤ ሙሉውን ሰዓት ፕሮጀክቴን ነው የጠየቁኝ። ሁለተኛው ገና ሳልቀመጥ ጠየቀኝ፤ መልሴ ተዘጋጅቶ ነበር።

ቢሮው ያንን ፎርም ይቀይረው። ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ ስንቱ ተማሪ እሱን አይቶ ሳይመለስ ይቀራል። ቀጠሮም ከአሥር ቀን በፊት አይገኝም፤ ስለዚህ የሥራው ማመልከቻ ጊዜ ሊዘጋ ሲል አትሂዱ። ስትሄዱ ትራንስክሪፕታችሁንና እውነተኛ የሥራ ማስታወቂያዎችን ያዙ። የኢንተርቪው ልምምዱን ደግሞ ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም፤ ጠይቁ።