ቀዛፊ ጎማ ወይስ ሰንሰለት?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የቦይ (በሰው እጅ የተቆፈረ የውኃ መንገድ) ጀልባን ከፈረስ ጉተታ ለማላቀቅ ብዙ ተሞክሯል። ከሙከራዎቹ ሁለቱን ሳነጻጽር ልቤ ወደ ሰንሰለቱ ያደላል።

የስኮትላንዳዊው መሐንዲስ የዊልያም ሲሚንግተን ጀልባ «ሻርሎት ዳንዳስ» በእንፋሎት በሚዞርና ውኃውን እየገፋ በሚያስኬድ ቀዛፊ ጎማ ትሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1803 በስኮትላንዱ የፎርዝና ክላይድ ቦይ ላይ ሁለት ባለ 70 ቶን ጀልባዎችን ከኃይለኛ ነፋስ ጋር እየታገለች 30 ኪሎ ሜትር ያህል ጎተተች። ድንቅ ሥራ ነበር! ሆኖም ጎማዋ የሚያስነሣው ማዕበል የቦዩን ዳርቻ ይሸረሽራል ተብሎ ተፈራና ተተወች።

ሰንሰለቱ ይህን ፍርሃት ከሥሩ ነቀለው። ከውኃው በታች፣ በመሬቱ ላይ ረጅም ሰንሰለት ይዘረጋል፤ ጎታቹ ጀልባ ከፊቱ ያነሣዋል፣ በእንፋሎት በሚሽከረከር መዘውር ላይ ያዞረዋል፣ ከኋላው መልሶ ይጥለዋል። ውኃ እየገፋ ሳይሆን ብረቱን ይዞ ራሱን እየሳበ ስለሚሄድ ማዕበሉ ጥቂት ነው፤ ጉልበቱም በከንቱ አይባክንም። በኤልቤ ወንዝ ላይ ሰንሰለቱ ከጀርመኗ ሃምቡርግ እስከ ቦሄሚያዋ (በዛሬዋ ቼክ) አውሲግ 668 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር።

ችግሩ መንገዱ አንድ መሆኑ ነው፦ ሁለት ጎታቾች ፊት ለፊት ሲገናኙ አንዱ ሰንሰለቱን መልቀቅ አለበት። ማዕበልና ጭስ በሚያስጨንቁበት ጠባብ ዋሻ ውስጥ ግን ተወዳዳሪ የለውም። በፈረንሳዩ የሪክቫል የቦይ ዋሻ እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሰንሰለት ጎታች ጀልባዎችን ሲያሳልፍ ኖሯል።